ሕግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መፈለግ፦ የአገራችን ሕጎች ተደራሽነትና ተገልጋዩ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

ዜጎች ስለ መብታቸውና ስለ ግዴታቸው መረጃ የሚያገኙበት መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ተለውጧል። ቀደም ሲል ስለ ሥራ ስንብት፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ንግድ ፈቃድ ጥያቄ ያለው ሰው ጠበቃ ያማክር፣ አቅሙ ካልፈቀደም በፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ምክር ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ጥያቄውን በመጀመሪያ የሚያቀርበው በእጅ ስልኩ ላይ ለሚገኝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ነው። መልሱም በሰከንዶች ውስጥ፣ በተስተካከለ አማርኛና በሙሉ እርግጠኝነት ይመጣል።

የመልሱ ፍጥነትና የቋንቋው ውበት ግን ለትክክለኛነቱ ዋስትና አይደሉም። በሕግ ጉዳይ የተሳሳተ መልስ ከሌላው ስሕተት የሚለይበት ምክንያት አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ወይም በሕግ ላይ መሳሳት መከላከያ እንደማይሆን በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ በጋዜጣው የወጣን ሕግ የፌዴራልና የክልል የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት እንዲሁም ማንኛውም ሰው ሊቀበለው እንደሚገባ ያስገድዳል። ስለዚህ «ማሽኑ እንዲህ ብሎኝ ነው» የሚለው ምላሽ በፍርድ ቤትም ሆነ በአስተዳደር መሥሪያ ቤት ፊት ሚዛን የለውም። ሕግን የማወቅ ሸክም በዜጋው ላይ የወደቀውን ያህል፣ ሕጉን በቀላሉ የሚገኝ የማድረግ ኃላፊነት ደግሞ በመንግሥት ላይ ይወድቃል።

በበርካታ አገሮች በአሁኑ ወቅት የሚሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የአገርን ሕግ ከምንጩ ፈልገው እንዲያገኙ የሚያስችል መሣሪያ የዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነው። ይህ ዳሰሳ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ለአገራችን ሕጎች ምን ሊጠቅም እንደሚችል፣ ምን እንቅፋት እንዳለበት፣ እንዲሁም ተገልጋዩ እስከዚያው ምን ማድረግ እንዳለበት ያብራራል።

ከማስታወስ ወደ መፈለግ

አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ስለ ሕግ ሲጠየቅ መልስ ሊሰጥ የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በሥልጠናው ወቅት ካነበበው ጽሑፍ በውስጡ የቀረውን መናገር ነው። በዚህ መንገድ ሲመልስ ሕጉን ገልጦ አያነብም፤ ቀድሞ ካነበባቸው ጽሑፎች በመነሣት ሊሆን ይችላል የሚባለውን ዓረፍተ ነገር ያቀናብራል። ሥልጠናው የሚቋረጥበት ቀን ስላለም ከዚያ በኋላ የወጣን አዋጅ ሊያውቅ አይችልም። ስለ አንድ ሕግ በኢንተርኔት ላይ የተጻፈው ጥቂት ሲሆን፣ በአማርኛ የተጻፈውም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ የጎደለውን ከሌላ አገር ሕግ ወይም ከግምት ይሞላዋል።

ሁለተኛው መንገድ መፈለግ ነው። «ወኪል» የሚባለው ዓይነት አገልግሎት ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አንድ የሕግ መረጃ ቋት ጥያቄ ይልካል፤ የሚመለከተውን አንቀጽ አውጥቶ ያነባል፤ መልሱንም ባነበበው ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ምንጩን ጠቅሶ ይሰጣል። ሞዴሎችን ከእንዲህ ዓይነት የመረጃ ቋቶች ጋር ለማገናኘት የሚያገለግሉ የጋራ ደንቦችም ተዘጋጅተዋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ከእነዚህ አንዱ ነው። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ከትዝታው የሚናገር ሰው መጽሐፉን ገልጦ ከሚያነብ ሰው እንደሚለየው ነው። መጽሐፉን ገልጦ የሚያነበውም ቢሆን የያዘው መጽሐፍ አሮጌ ከሆነ ይሳሳታል።

ከትዝታ መናገር የሚያስከትለው ጉዳት በተግባር ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአሜሪካ ኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩና በእውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው ክርክር ያቀረቡ ጠበቆችን 5 ሺህ ዶላር ቀጥቷል። የሕግ ትምህርትና ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ጥያቄውን በግሉ የሚያቀርብ ዜጋ ምን ያህል ሊጋለጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የተሻረ ሕግ፣ የተሻሻለ ሕግ

በአገራችን ሁኔታ የሚያሰጋው ከሌለ ሕግ መጥቀስ ይልቅ ነበረ፣ ግን አሁን የማይሠራ ሕግ መጥቀስ ነው። የሥራ ሕግን እንደ ምሳሌ እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል በሥራ ላይ የቆየ በመሆኑ ስለ እርሱ የተጻፉ ማብራሪያዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የጋዜጣ ዓምዶች እጅግ ብዙ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል። ያነበበውን የሚያስታውስ ማሽን የበዛውን እንጂ የጸናውን ስለማይለይ የተሻረውን አዋጅ በልበ ሙሉነት ሊጠቅስ ይችላል።

ልዩነቱ በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሦስት ድንጋጌዎች ያሳዩናል። በአሮጌው አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት መብለጥ አይችልም ነበር፤ በአዲሱ ግን እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በሃምሳኛው ቀን ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ተብሎ የተሰናበተ ሠራተኛ በአሮጌው ሕግ ላይ የተመሠረተ መልስ ካገኘ የሙከራ ጊዜው አልፏል ብሎ ያምናል፤ ክስ ያዘጋጃል፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ያጠፋል። በተቃራኒው በአሮጌው አዋጅ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ የነበራት ፈቃድ 60 ቀን ሲሆን አዲሱ አዋጅ ወደ 90 ቀን አሳድጎታል። የተሳሳተ መልስ ያገኘች እናት ሕግ የሰጣትን 30 ቀን ሳታውቅ ትተዋለች። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል፤ ጭማሪው ግን ቀድሞ በየዓመቱ አንድ የሥራ ቀን የነበረው አሁን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ሁልጊዜ ይጨምራል ወይም ሁልጊዜ ይቀንሳል ብሎ በግምት መሄድም አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከሥራው የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከማሽን ባገኘው የተሳሳተ መልስ ተማምኖ ሦስቱን ወራት ያሳለፈ ሰው በኋላ ትክክለኛውን ሕግ ቢያገኝ እንኳ መብቱን ሊያስመልስበት የሚችልበት በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ሕግ ሳይሻር በከፊል ሲሻሻል ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ረቂቅ ይሆናል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እስካሁን በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ነገር ግን በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የማይከፈልበት የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ተደርጓል። በወር 2,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በቀድሞው ሠንጠረዥ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ ምንም አይከፍልም። የመጀመሪያውን አዋጅ ብቻ አግኝቶ «ይህ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው» የሚል ማሽን ስለ አዋጁ እውነት ተናግሯል፤ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ግን ተሳስቷል።

በከፊል የተሻረ ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲተካ፣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ መክሰር የሚደነግጉት መጻሕፍት ተሽረዋል፤ ስለ ኢንሹራንስና ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች የሚደነግጉት ክፍሎች ግን ቀጥለዋል። «የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይሠራልን?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «የትኛው አንቀጽ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

የአገራችን ሕጎች ልዩ ባሕርይ

ለሌላ አገር የተሠራን የመፈለጊያ መሣሪያ እንዳለ አምጥቶ በኢትዮጵያ ሕጎች ላይ ማዋል አይቻልም። ምክንያቶቹ ከሕጎቻችን አወጣጥ፣ ከቋንቋችንና ከዘመን አቆጣጠራችን የሚመነጩ ናቸው።

ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሕጎች የሚወጡት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠባቂነት በሚታተመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ይይዛል። ብዙዎቹ እትሞች በኢንተርኔት የሚገኙት እንደ ፎቶግራፍ ተነሥተው በፒዲኤፍ ተቀምጠው ነው። ሰው ያነባቸዋል፤ ማሽን ግን የሚያየው ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው። ሥዕሉን ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም ሁለቱን ዓምዶች ለይቶ ካልያዘ የአማርኛውን መሥመር ከእንግሊዝኛው ጋር ይቀጥለዋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች በዛሬው ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ።

የዘመን አቆጣጠሩ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። አንዱ አዋጅ በአማርኛው ዓምድ ቁጥር 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ ደግሞ ቁጥር 1156/2019 ተብሎ ይጠራል። ይህን የማያውቅ ማሽን ሁለት የተለያዩ አዋጆች ያሉ ሊመስለው፣ ከዚያም ብሶ አንዱ ሌላውን የተካ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። በቀደሙት እትሞች ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ በመሆኑ 1987 የሚል ፈላጊ ፲፱፻፹፯ ተብሎ የታተመውን ላያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስላሉን «ሕግ» እና «ህግ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «አዋጅ» እና «ዐዋጅ»፣ «ፀደቀ» እና «ጸደቀ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አማርኛ በቃሉ ፊትና ኋላ ብዙ ይጨምራል። «ሠራተኛ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «በሠራተኞቹ»፣ «ለሠራተኛውም»፣ «የሠራተኞች» የሚሉትን ሁሉ ማግኘት ይኖርበታል። የሁለቱ ዓምዶች ቃል ሲለያይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ገዢው የአማርኛው ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሠለጠኑ ስለሆኑ ሳያሳውቁ ወደ እንግሊዝኛው ዓምድ ያዘነብላሉ። ትክክለኛ መሣሪያ የአማርኛውን ድንጋጌ ቃል በቃል ማቅረብ አለበት።

አራተኛው የማሻሻያ ሕጎች አወጣጥ ነው። የማሻሻያ አዋጅ በአብዛኛው «የአዋጁ አንቀጽ እከሌ ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ አንቀጽ ተተክቷል» በማለት የተለወጠውን ብቻ ያወጣል። ዋናውንና ማሻሻያውን አዋህዶ ማንበብ የአንባቢው ሥራ ይሆናል። ለምሳሌ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ከማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ጋር አገናኝቶ ካላነበበ የሚያገኘው ግማሽ ሕግ ነው። በሌላ በኩል ብዙ አዋጆች በመጨረሻቸው «ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ሕግ በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም» የሚል ጠቅላላ ድንጋጌ ይይዛሉ። የትኛው ሕግ ይቃረናል፣ የትኛውስ አይቃረንም የሚለው የትርጓሜ ጉዳይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዝምተኛ ሽረት ማንኛውም የመረጃ ቋት በራሱ ሊለየው አይችልም፤ የሕግ ባለሙያ አንብቦ ምልክት ሊያደርግበት ይገባል።

አምስተኛው የሕጎች ደረጃ ነው። ከሕገ መንግሥቱ በታች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወጡ አዋጆች፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚወጡ ደንቦችና በአስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ መመሪያዎች አሉ። ተገልጋዩ በመስኮት የሚጠየቀው ቅጽ፣ ክፍያና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነው በመመሪያ ነው። መመሪያ ግን በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ክፍተት ለመሙላት መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከወጣ በኋላም እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲጫን ይጠይቃል። በዚህ አዋጅ መሠረት ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህ ድንጋጌ ለመፈለጊያ መሣሪያ ትልቅ መሠረት ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ግዴታውን በወቅቱ ሲወጣ ነው።

በመጨረሻም የክልል ሕጎች አሉ። ክልሎች የራሳቸው የሕግ ጋዜጣ አላቸው፤ የአማራ ክልል ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያ ክልል መጋለታ ኦሮሚያ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም አዲስ ነጋሪት ጋዜጣን ያሳትማሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ባሉ አስተዳደሮች ተፈጻሚ ሲሆን ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ስለ ፍቺና ስለ ንብረት ክፍፍል ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ማሽን አስቀድሞ ጠያቂው የት እንደሚኖር ካልጠየቀ ከመነሻው ተሳስቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ በአሁኑ ጊዜ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። የአንቀጹን ቃል አግኝቶ የሰበሩን ትርጓሜ ያላገኘ ሰው የሕጉን ግማሽ አግኝቷል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

በዚህ ረገድ ቀድመው የሄዱ አገሮች ልምድ የሚያስተምረው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሥራቸውን የጀመሩት ማሽኑን ከመግዛት ሳይሆን ሕጉን ከማደራጀት ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያስተዳድረው የሕግ ድረ ገጽ አንድ ሕግ ሲወጣ የነበረውን መልክና ከማሻሻያ በኋላ ያለውን መልክ ለያይቶ ያቀርባል፤ ያልተካተተ ማሻሻያ ሲኖርም ለአንባቢው ያሳውቃል። ጽሑፉ በማሽን ሊነበብ በሚችል መልክ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕግ የማይለወጥ የኢንተርኔት መለያ የሚሰጥበትን የጋራ ሥርዓት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአባል አገሮቹ አስተዋውቋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሕግ ሰነዶችን ለማሽን በሚመች መልክ ለመጻፍ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች ዋነኛው መነሻው አፍሪካ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው። «አኮማ ንቶሶ» የተባለው መለኪያ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በመጀመሪያ ለአፍሪካ ፓርላማዎች የተዘጋጀ ሲሆን ስያሜውም ከምዕራብ አፍሪካው የአካን ቋንቋ የተወሰደ፣ የተሳሰሩ ልቦችን የሚያመለክት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸድቋል። አንቀጹ የት እንደሚጀምር፣ ንዑስ አንቀጹ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ሕግ የትኛውን እንዳሻሻለ በግልጽ ምልክት ስለሚያስቀምጥ ማሽኑ መገመት አይኖርበትም።

ከመልካም መሣሪያ የሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች በመነሣት፣ የአገራችንን ሕጎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚያቀርብ መሣሪያ ቢያንስ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባል።

• እያንዳንዱ ሕግ አንድ የማይለወጥ መለያ እንዲኖረው፤ የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ ዓመተ ምሕረቶች፣ የግዕዝና የተለመደው ቁጥር ሁሉ ወደዚያው አንድ መለያ እንዲያመሩ።
• ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጋር ሁኔታው፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ፣ የተሻሻለ፣ በከፊል የተሻረ ወይም ሙሉ በሙሉ የተሻረ መሆኑ አብሮ እንዲቀርብ።
• የጸናበት ቀን እንዲታወቅና በአንድ በተወሰነ ቀን ሕጉ ምን ይል እንደነበር ለማየት እንዲቻል፤ በ2010 ዓ.ም. የተፈጸመ ስንብት የሚዳኘው በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ነውና።
• የአማርኛው ድንጋጌ ቃል በቃል እንዲጠቀስ፤ የጋዜጣው እትምና ገጽም አብሮ እንዲገለጽ።
• ደረጃውና የሚጸናበት አካባቢ፣ ማለትም ፌዴራል ወይም ክልል መሆኑ እንዲለይ።
• የተፈለገው ሕግ በቋቱ ውስጥ ካልተገኘ «አልተገኘም» የሚል ግልጽ ምላሽ እንዲሰጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ምናልባት ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ባዶ መልስ ጠያቂውን ወደ ሌላ ምንጭ ይመራዋል፤ የተፈጠረ መልስ ግን ፍለጋውን ያቋርጠዋል።

ይህን ለማሟላት የሚያስፈልገው ሥራ ሰፊ ነው። የጋዜጣውን የቆዩ እትሞች ወደ ንጹሕ ጽሑፍ መቀየር፣ ዋናውን ሕግ ከማሻሻያው ጋር ማጠቃለል፣ መመሪያዎችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብና ውጤቱን በባለሙያ ማረጋገጥ ይጠይቃል። ማሽን የመጀመሪያውን ሊያፋጥን ይችላል፤ የመጨረሻው ግን በሰው እጅ መቅረት አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ሲደነግግ የዚህ ሥራ መሠረት ተጥሏል።

ወኪል ያለ ውክልና

ስለ ኃላፊነት ሲነሣ «ወኪል» የሚለው ቃል ሊያሳስት እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ማለት በውክልና ሥልጣን ስለ ወካዩ ሕጋዊ ተግባር የሚፈጽም ሰው ነው፤ የታማኝነትና የጥንቃቄ ግዴታ አለበት፤ ሲያጠፋም ይጠየቃል። የጥብቅና አገልግሎት መስጠትም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሙያ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ውክልናም ፈቃድም የለውም፤ ለተሳሳተ ምክሩ በሙያ ሥነ ምግባር ጉባኤ ፊት አይቀርብም። በእርሱ ምክር ላይ ተመሥርቶ ማመልከቻ የሚፈርም ሰው ለይዘቱ ኃላፊው ራሱ ነው።

የግል መረጃ ጥበቃም ሊታሰብበት ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዜጎች መረጃ ጥበቃ ይሰጣል። ይሁንና የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የሕክምና ማስረጃውን ወይም የባላጋራውን ስም ከአገር ውጭ በሚገኝ አገልግሎት ላይ በራሱ እጅ የጻፈ ሰው መረጃውን መልሶ ለመቆጣጠር ይቸገራል። ሕጉን ለማወቅ የሰዎቹን ማንነት መግለጽ አያስፈልግም፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ መግለጽ ይበቃል።

ለተገልጋዮች የሚሰጥ ምክር

ሕግን በዚህ መንገድ መፈለግ የሚከለከል አይደለም፤ በአግባቡ ከተያዘም ጠቃሚ ነው። በተለይ ከሕግ ባለሙያ ርቆ ለሚኖር፣ በውጭ አገር ሆኖ በአገር ቤት ስላለው ንብረት ለሚያስብ፣ ወይም ባለሙያ ከማነጋገሩ በፊት ጥያቄውን ማጥራት ለሚፈልግ ሰው መልካም መነሻ ይሆናል። ተገልጋዮች መልሱን ከመቀበላቸው በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል።

አንደኛ፣ መልሱ የሕጉን ዓይነት፣ ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረትና አንቀጽ መጥቀሱን ይመልከቱ። «በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት» ብቻ የሚል መልስ ምንጭ የለውም።

ሁለተኛ፣ የተጠቀሰውን ሕግ ራሱን ያውጡና አንቀጹን በአማርኛ ያንብቡ። ሕጎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በፍትሕ ሚኒስቴርና በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጾች ይገኛሉ። በታተመ ነጋሪት ጋዜጣ የሚገኘው ሁልጊዜም ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ ተሽሮ ወይም ተሻሽሎ እንደሆነ ለብቻው ይጠይቁ። አንድን ርዕስ ይዞ በቅርብ የወጣውን አዋጅ መፈለግና በመጨረሻ አንቀጾቹ ላይ ስለ ተሻሩ ሕጎች የሚለውን ማንበብ በብዙ ሁኔታ በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

አራተኛ፣ ሕጉ በእርስዎ ላይ የሚጸና መሆኑን ያጣሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በግል ድርጅት የተቀጠረን ሰው ሲመለከት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ይተዳደራሉ፤ የቤተሰብና የገጠር መሬት ጉዳይ ደግሞ ከክልል ክልል ይለያያል።

አምስተኛ፣ የመስኮት አገልግሎት ሲጠይቁ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበትን መመሪያ ቁጥር የመጠየቅ መብት እንዳለዎት ይወቁ። በሕግ ያልተደገፈ ማስረጃ ወይም ክፍያ ከተጠየቁ ለዚያው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ መፍትሔ ካልተገኘም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ስድስተኛ፣ የጊዜ ገደብ ያለበት ጉዳይ ሲሆን በማሽን መልስ ብቻ አይጠብቁ። ስንብት፣ ይግባኝ፣ የግብር ቅሬታና የመሳሰሉት ቀን የሚቆጠርባቸው ጉዳዮች ናቸው። አቅም የሌለው ተገልጋይ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙትን የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ሊያነጋግር ይችላል።

ማጠቃለያ

አዋጅ በነጋሪት ድምፅ በገበያና በአደባባይ ይነገር በነበረበት ዘመን የሕጉ መታወቅ የተመሠረተው በአዋጅ ነጋሪው ታማኝነት ላይ ነበር፤ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ ነበረበት። ዛሬም ጋዜጣው ስያሜውን ከዚያው ከነጋሪት እንደያዘ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ሕግን ለሕዝብ በማድረስ ረገድ ትልቅ አቅም አላቸው፤ የሚታመኑት ግን የጸናውን ሕግ፣ በጸናበት ቃልና ቀን፣ ከምንጩ ጋር ሲያቀርቡ ብቻ ነው። ይህ እንዲሆን ሕጎችን አጥርቶ፣ አጠቃልሎና ክፍት አድርጎ ማቅረብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። የሚሰጠውን መልስ ከሕጉ ቃል ጋር አመሳክሮ መጠቀም ደግሞ የእያንዳንዱ ተገልጋይ ድርሻ ይሆናል።